ሠላሳ አንደኛው ካርድ

ጥር 6

ሠላሳኛውን ስም ዛሬ ጨረስኩ። ዶርቤ የተባለው መንደር የዛሬው የድንጋይ መፍጫ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ካርታ ላይ ስፈልገው የከረምኩት ቦታ፣ በአውቶቡስ ባለፍኩ ቁጥር ለአቧራው ብዬ መስኮት የምዘጋበት ሆኖ አረፈው። ነጋዴውም ከአራት መቶ ዓመት በፊት "በቅሎዎቻችን ነጭ ሆነው ወጡ" ብሎ ጽፏል። ሣቄ መጣ።

ይህ ነጋዴ ከወንዙ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ፣ እስከ ባሕሩ ድረስ የሄደ ሰው ነው። ያደረበትን፣ ውሃ ያጠጣበትን ሁሉ በስሙ እየጠራ ጽፏል። መጽሐፉ አሁን በአዲስ ሊታተም ነው። የእኔ ሥራ እነዚያ ስሞች ዛሬ የት እንዳሉ ማግኘት። ለእያንዳንዱ ስም አንድ ካርድ። የድሮ ስም፣ የዛሬ ስም፣ ማስረጃ፣ ነጋሪ።

ነጋሪ በሚለው ላይ እንደ ልማዴ "አባባ" ብዬ ሞላሁ። የአለቃዬ ደም ሥር ይገተራል። "አባባ የሚባል ምንጭ የለም" ይለኛል። በሌለበት ዶክተር ነጠላ ሰረዝ ነው የምንለው፤ መርዶ ቢነግሩት እንኳ መጀመሪያ ሥርዓተ ነጥቡን የሚያርም ሰው ነው። ታዲያ ምን ላድርግ? ሠላሳ አራት ዓመት ያንን አገር በእግራቸው ያዳረሱ ጡረተኛ ፖስተኛ አባቴ ቤቴ ተቀምጠው ሌላ ማንን ልጠይቅ?

አንድ ስም ቀረኝ። ታርሜል።

ጥር 9

መጽሐፉ ከቤተ መጻሕፍቱ አይወጣም። ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ ነው የሚያድረው። ስለዚህ እዚያው እየተረጎምኩ በደብተሬ ገልብጬ አመጣለሁ። የታርሜልን ክፍል ዛሬ ገለበጥኩ፦

"በዶርቤና በድልድዩ መካከል፣ ፀሐይ ፊት ለፊታችን ስትጠልቅ፣ ታርሜል ደረስን። ቤት የለም። አንድ ሽማግሌ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከኋላችሁ ሴት አለች ወይ አለን። ማንም የለም አልነው። እንግዲያው ገና አልዞረችም አለ። ምልክታችንን ወረቀት ላይ ካላኖራችሁልኝ አልለቃችሁም ስላለን እየሳቅን አኖርንለት።"

ምልክቱ በቅሎዎቻቸው ላይ የሚተኩሱት ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ታትሟል፤ ክብ ነገር፣ በውስጡ ሦስት ጭረት። እኔ እንኳን ሥዕል የእጅ ጽሕፈቴም አያምር፣ "ምልክት" ብዬ አለፍኩት።

የግርጌ ማስታወሻም ጻፍኩለት። "ሽማግሌው ምናልባት ቀረጥ ተቀባይ ነበር።" ነጠላ ሰረዝ በጣም ወደደው። እኔ ግን... ቀረጥ ተቀባይ ቤት በሌለበት ምን ይሠራል? ሴትየዋስ ማን ናት?

ጥር 15

ሁለት ጊዜ ሄጄ አየሁት። በድንጋይ መፍጫውና በድልድዩ መካከል ምንም የለም። ዳገት፣ ጠጠር፣ የደረቀ ሣር። ዓይን የሚያርፍበት ነገር እንኳ የለም።

ማታ አባባን ጠየቅኋቸው። ይኸን ሰሞን ብሶባቸዋል። ምሳ ይብሉ አይብሉ አያውቁትም። አንዳንዴ እናቴን እመስላቸዋለሁ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "አንቺ፣ ልጆቹ ገቡ?" ይሉኛል። መንገድ ሲነሳ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ፤ ወገባቸው ሳይቀር ይቀናል። ለዚህም ነው የምጠይቃቸው። ለካርዱ ብቻ አይደለም።

"አባባ፣ ታርሜል የሚባል ቦታ ያውቃሉ?"

ማንኪያውን አስቀመጡ። "ማን ነገረሽ?"

"መጽሐፍ ላይ አይቼ ነው።"

ቦርሳቸው ወደተሰቀለበት ግድግዳ ቀና አሉ። ከዚያ፣ "አንድ የአደራ ደብዳቤ አለብኝ" አሉ። "ለታርሜል።"

ጥር 16

እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ፖስታ ላይ የተጻፈ ታርሜል! በአባባ ዘመን ስሙን የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ቁርስ ላይ ለመንኳቸው። "የሰው ደብዳቤ አይታይም" አሉ።

"ከላዩን ብቻ፣ አባባ።"

"ከላዩም የሰው ነው።"

ነገሩን ግን አጫወቱኝ። ሥራ በያዙ በሁለተኛው ዓመት የመጣ ነው። ላኪው አልተጻፈም። የተቀባዩ ስምና "ታርሜል" ብቻ። አሥራ አንድ ጊዜ ሄደዋል። ደንቡ "መልሰው" ነበር የሚለው፤ እሳቸው ግን ቦርሳቸው ውስጥ አስቀሩት። ጡረታ ሲወጡ እንኳ ከነደረሰኝ ደብተሩ ይዘውት ወጡ። በሠላሳ አራት ዓመት አንድ ደብዳቤ... ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ። አባቴን አፍረው ሳያቸው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አንጀቴን በሉት።

ጥር 23



ከሥራ ስመለስ የታርሜልን ክፍል ከደብተሬ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያዳምጡት። የተኙ መስሎኝ ነበር። "ከኋላችሁ ሴት አለች ወይ አለን። ማንም የለም አልነው" ብዬ ገጹን ልገልጥ ስል፣

"እንግዲያው ገና አልዞረችም" አሉ።

ቃል በቃል። እኔ በተረጎምኩበት ቃል።

ከዚህ በፊት አንብቤላቸው ይሆን? አላነበብኩም። ...አንብቤ ይሆናል። ሥራ ላይ ሳለሁ እያጉተመተምኩ የመጻፍ ልማድ አለኝ። አዎ፣ እሱ ነው የሚሆነው።

"የት ነው ቦታው፣ አባባ?"

"ስትሄጂ የለም። ስትመለሺ ነው ያለው።"

በሽታው ነው አልኩ ለራሴ። ቁርጥ ያለ ድምፃቸው ግን የበሽተኛ አልነበረም።

ጥር 27

ወንድሜ ደወለ። "እትዬ፣ ነግሬሻለሁ፤ መንገድ መንገድ ስትያቸው አንድ ቀን ተነስተው ይሄዱልሻል" አለ። "እንግዲያው አንተ መጥተህ ጠብቃቸዋ!" ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። በኋላ ቆጨኝ። እሱስ ቢሆን ምን አጠፋ? ከሚኖርበት ከተማ እዚህ ድረስ የሁለት ቀን መንገድ ነው።

ቀን ቀን አባባን የምትጠብቅልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። የስፌት መኪናዋን እኛ ሳሎን አስገብታ እየሰፋች ታያቸዋለች። "አባባ ቦርሳቸውን በቀን አሥር ጊዜ ይፈትሹታል" አለችኝ። "የዛሬውስ ባሰ፤ ደረቴን ለክተው ስንት ሰዓት ትወጫለሽ አሉኝ።"

"ደረቴን ለክተው?"

"ሜትሬን አንስተው ነዋ! ከደረቴ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አውቶቡሱ... መንገድ እየለኩ ነው መሰለኝ።"

ሳቅን። ሣቁ ግን ብዙ አልቆየም።

የካቲት 2

ቃል ገባሁ። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን። እሳቸው ይመሩኛል፣ እኔ ውሃ እይዛለሁ።

የካቲት 5

ቅዳሜ። አልሄድንም። ነጠላ ሰረዝ ድንገት ስብሰባ ጠራ። አባባ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ የፖስታ ቤቱን ኮፍያ አድርገው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። "የሚቀጥለው ቅዳሜ፣ አባባ።" ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስብሰባው ስለ ሽፋኑ ቀለም ነበር።

የካቲት 7

አባባ የሉም።

የካቲት 8

አሁን ተኝተዋል። ሁሉንም ሳልረሳው ልጻፍ።

ትናንት አራት ሰዓት ላይ ሰፊዋ ቢሮ ድረስ እየሮጠች መጣች። ክር ልትገዛ ሱቅ ደርሳ ስትመለስ በሩ ክፍት ነው። ቦርሳውም የለም። እያለቀሰች "እቴ፣ ግደይኝ" ትለኛለች። ምን ብዬ ልቆጣት? ያስነሳኋቸው እኔ። ቃሌን ያጠፍኩት እኔ።

አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። በዚያ መስመር የሚሠሩት ሁለት ናቸው። የአንደኛው ረዳት አስታወሳቸው። "ኮፍያ ያደረጉት አዛውንት? ቲኬት ስላቸው 'ሥራ ላይ ነኝ' አሉኝ። ዝም አልኳቸው። ከድንጋይ መፍጫው አልፈን ወረዱ።"

እዚያው ቦታ ወረድኩ። ስምንት ሰዓት ሆኗል። ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን የእግር መንገድ ይዤ እየተጣራሁ ሄድኩ። አባባ! አባባ! ድምፄን ንፋሱ ይወስደዋል። አንድ ሰው፣ አንድ ፍየል እንኳ የለም። ዳገቱን ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ሌላ ዳገት። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ይህን ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ... ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ያቺን ቅዳሜ ብወስዳቸው ምን ነበረበት? ለሽፋን ቀለም! ለሽፋን ቀለም ብዬ አባቴን ገደልኩ እያልኩ ነው የምሄደው። ጮክ ብዬ ነው የምናገረው፣ ማን ሊሰማኝ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ተሸነፍኩ። ተመልሼ ፖሊስ ልጥራ ብዬ ዞርኩ።

ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገባች። እጄን ግንባሬ ላይ ጋርጄ ሳይ፣ አሁን ካለፍኩት ጉብታ ጀርባ ጎድጎድ ያለ ሥፍራ አለ። ከአጠገቡ ነው ያለፍኩት። ከዚያ ማዶ ለሚመጣ ሰው ጉብታው ድፍን አድርጎ ይሸፍነዋል። ስትሄጂ የለም...

አባባ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። እግራቸው ሥር ወድቄ ጉልበታቸውን ያዝኩ። እሳቸው ግን ከሱቅ የዘገየሁ ያህል፣ "ቆየሽ" አሉኝ። ከንፈራቸው አልደረቀም። ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀምጠው አልደረቀም።

"ውሃ ከየት አገኙ?"

"መንገደኞቹ ሰጡኝ። ቆዳ ቆዳ ይላል።"

"የትኞቹ መንገደኞች?"

"በቅሎ የሚነዱት። ከኋላችሁ ሴት አለች ወይ ብላቸው የለም አሉኝ።" ኮፍያቸውን አስተካከሉ። "ገና አልዞረችም አልኳቸው።"

መሬቱን ዳር እስከ ዳር አየሁ። የሰኮና ዱካ ፈለግሁ። ሁሉም ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ዱካ አይዝም።

ክንዳቸውን ይዤ ወደ መኪናው መንገድ ስንወርድ ቦርሳቸው በነፋስ ይወዛወዛል። ከደረሰኝ ደብተሩ በቀር ባዶ ነው።

"ደብዳቤውስ፣ አባባ?"

"ለባለቤቱ ሰጠሁ።"

"ባለቤቱ መሆኑን በምን አወቁ?"

ቆሙ። እንዲህ ተቆጥተው ያየኋቸው ልጅ ሳለሁ ነው። "ስሙን ጠየቅሁታ! ሳላስፈርም የአደራ ደብዳቤ እሰጣለሁ?"

የካቲት 11

ወንድሜ መጥቶ ነበር፣ ዛሬ ተመለሰ። እንዳይፈርድብኝ ፈርቼ ነበር። አባባን አጥቦ፣ ጥፍራቸውን ቆርጦ፣ አብሯቸው ሁለት ሌሊት አደረ። ስለ በቅሎዎቹ ስነግረው "ፀሐይ ነው እትዬ፣ ፀሐይ እንዲህ ያደርጋል" አለ። እኔም ፀሐይ ነው አልኩ።

የደረሰኝ ደብተሩን አላሳየሁትም። እኔም ገና አልከፈትኩትም።

የካቲት 19

አባባ ሰላም ናቸው። ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ቦርሳው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ቀና ብለውም አያዩት። መንገዱ ግን ከውስጣቸው ወጥቷል። ዛሬ ልሞክራቸው ብዬ "ዶርቤ የት ነበር አባባ?" አልኳቸው። ፈገግ ብለው አዩኝ። "ምንድን ነው እሱ?" ድልድዩንም አያውቁትም። እኔንም በስሜ ከጠሩኝ አሥር ቀን ሆነ። እናቴንም መምሰል አቁሜያለሁ። ቅር ይለኛል... ያንን አንድ ደብዳቤ ብለው ነበር ሁሉን ይዘው የቆዩት?

ከምሳ በኋላ ደብተሩን ከፈትኩት። በጡረታ ዓመታቸው ከተቀደደው ደረሰኝ ቀጥሎ ባለው ቅጠል፣ በሚንቀጠቀጥ የአባባ ጽሕፈት፣ የካቲት 7። ታርሜል። አንድ የአደራ ደብዳቤ። የተረካቢ ፊርማ በሚለው ላይ ክብ ነገር አለ። በውስጡ ሦስት ጭረት። ቀለሙ የእስክሪብቶ አይደለም፤ ቡናማ ነው፣ ወረቀቱን ጫር ጫር አድርጎታል።

ምልክቱ ያለበት የመጽሐፉ ገጽ ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥቶ አያውቅም። እኔም አልሣልኩትም።

የካቲት 21

ጠዋት ከቢሮ በፊት ቤተ መጻሕፍቱ ገብቼ መጽሐፉን አስወጣሁ። "ፀሐይ ፊት ለፊታችን ስትጠልቅ።" ወደ ምሥራቅ ለሚሄድ ሰው የምትጠልቅ ፀሐይ ፊት ለፊቱ ምን ትሠራለች? ነጋዴው ታርሜልን የጻፈው ሲመለስ ነው። አገር ምድሩን የማርም ሰው ይህን አለማየቴ! አባባ በአንድ ቃል ነግረውኝ ነበር።

ሠላሳ አንደኛውን ካርድ ሞላሁ። የዛሬ ስም፦ የለውም። ማስረጃ፦ ሲመለሱ ብቻ ይታያል። ነጋሪ፦ አባባ። ከዚያ የግርጌ ማስታወሻውን አወጣሁና "ምናልባት ቀረጥ ተቀባይ ነበር" የሚለውን ሰረዝኩ። "ፖስተኛ ናቸው" ብዬ ጻፍኩ። ነጠላ ሰረዝ አንብቦ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ "በዚያ ዘመን ፖስተኛ ከየት መጣ?" አለኝ።

"ከቤቴ" አልኩት። የሰጠኝን እይታ ሆድ ይፍጀው።

አዲስ ልማድ አምጥቻለሁ። ጠዋት ስወጣ አውቶቡሱ ጋ ከመድረሴ በፊት እቆምና ወደ ቤት ዞር ብዬ አያለሁ። አባባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ ከእሳቸው ኋላ የሰፊዋ መኪና ይሰማል። እጄን አወዛውዛለሁ። መልስ አይሰጡኝም፣ ማን እንደሆንኩም አያውቁም።

ዛሬ ማታ ሰፊዋ ጨርቋን እያጣጠፈች ነገረችኝ። ጠዋት ጠዋት እኔ ዞር ስል አባባ አንዲት ቃል ይናገራሉ።

"ምን ይላሉ?"

"'ዞረች' ይላሉ። ከዚያ ቁርሳቸውን ይበላሉ።"