ከዚያው ሳጥን

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ በጎ ሰው ይግጠምሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ እየተናገርኩ ወንድምሽ ይጽፋል፤ ፈተናውን ጨርሷል። ጣሪያውም ማፍሰሱን ትቷል።

የዶሮዎቹ ምርመራ ውጤት አባትሽ ከተቀበረ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። የእንስሳት ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ አነበበልን። ክትባቱ ገና ፋብሪካ ውስጥ ሲመረት ሌላ ቫይረስ ገብቶበት ኖሯል። አባትሽ ግን ክትባቱ እሱ እጅ ላይ ሙቀት አግኝቶት የተበላሸ መስሎት፣ "በእጄ ገደልኳቸው" እንዳለ ልቡ ቆመ። ዶሮዎቻቸውን የከተበላቸው ጎረቤቶች "እጅህ ይቆረጥ" ሲሉት ከርመው፣ አሁን ደጄ መጥተው አንገታቸውን ይደፋሉ። ምን ያደርግልኛል?

ያኔ ዶሮዎቹ ሲታመሙ በስልክ ቢያማክርሽ "ድገምላቸው" አልሽው፤ ከዚያው ሳጥን ደገመላቸው። እኔም ብሆን ይህንኑ እለው ነበር። መድኃኒት ውስጥ በሽታ እንዳለ ማን ይጠረጥራል?

በቀብሩ ዕለት ወንድምሽ በስልክ "አባባን የገደልሽው አንቺ ነሽ" ሲልሽ ሰምቻለሁ። አሁን ይህን ጻፍ ስለው "ይሄንንስ አልጽፍም" ብሎ እስክሪብቶውን ጣለ። "ስትናገረው አላፈርክም፣ ትጽፈዋለህ" አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ አታነሺም። አንድ ሞት ይበቃኛል ልጄ። ዕድሜሽ ይርዘም፣ የልጅ ወግ ያሳይሽ፤ እባክሽ ደውይልኝ።

እማዬ ድስቱን ልታይ ተነሳች። እህቴ፣ ክትባቱን ውሃ ውስጥ የበጠበጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ሁለተኛውንም። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ጥፋቱን የማሸክመው ሰው ፈልጌ ነው አንቺ ላይ የጣልኩት። ስትደውዪ ስልኩን እኔ ነኝ የማነሳው፤ እንዳትዘጊብኝ።