እስከ አፉ የተሞላው በርሜል

ለምወድህ ወንድሜ ሀቢቡላህ፣ አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? የጀርመን ብርድ እንዴት አደረገህ? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን እንዳልልህ ውሸት ሆነብኝ።

ስትሄድ በርሜል ውስጥ ትተህልን የሄድከው ዓሣህ ሞቷል። በስልክ ያልነገርኩህ ስናወራ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ደብዳቤውን ወደዚያ በምትሄደው በጎረቤታችን ልጅ በዩምና እጅ ልኬዋለሁ።

እኔ ለቡና ለቀማ አጋሮ ሰንብቼ ነበር። እዚህ ጊንጆ ውኃ ከጠፋ ቆይቶ ፈረቃችን ሲደርስ፣ እማዬ ደስ ብሏት በርሜሉን እስከ አፉ ሞላችለት፤ ድመት እንዳይነካው ብላም ክዳኑን ገጥማ ድንጋይ ጫነችበት። እኛ ቤት ውኃ የሚቀመጠው እንዲህ ነው፣ ታውቀዋለህ። ይህ ዓሣ ሳንባ እንዳለው፣ ብቅ እያለ አየር ካልሳበ ውኃ ውስጥ ታፍኖ እንደሚሞት ለእኔ እንጂ ለእሷ መች ነገርካት? ጠዋት ስትከፍተው ሞቶ አገኘችው።

በዚያው ቀን ስመለስ አፉን ከፍቼ አየሁት። ክሪቴሺየስ በምትለው በዳይኖሰሮች ዘመን ድንጋይ ሆኖ የቀረውን የዘመዱን ጥርስ ፎቶ ልከህልኝ አልነበር? ሸንተረሩ ሳይቀር ይመሳሰላል። የዚያኛው ዘር ጠፋ፣ ይኼኛው ግን ወንዝ ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተጠቅልሎ እየከረመ እዚህ ደረሰ ብለኸኝ ነበር። ያን ሁሉ ድርቅ የቻለ ዘር እኛ ቤት ውኃ ተትረፍርፎለት ሞተ። አለቀስኩ፣ ሌላ ምን ላድርግ።

የባሰው የእማዬ ነገር ነው። ከሄድክ ወዲህ ሱብሂ ሰግዳ በርሜሉ ጋ ሳትደርስ አትውልም ነበር፤ «ልጄ፣ እንዴት አደርክ» ትለዋለች። አሁን «ውኃ አልጎደለበት፣ ምን ሆኖ ሞተ? ሀቢቤ አንድ ነገር ሆኗል» ብላ እህል መቅመስ ትታለች። ደህና ነኝ የምትላትም ልትደብቃት ይመስላታል። አባባ ዓሣ መሞቱ አይቀርም ቢሏት አኮረፈቻቸው። እውነቱን ብነግራት በገዛ እጄ ገደልኩት ብላ ትሰበራለች። ዝም ብላት ደግሞ ባንተ ሐሳብ ታልቃለች። እንዲህ ብል ገደል፣ እንዲያ ብል ገደል ሆነብኝ።

አባባ በዱዓቸው አልረሱህም። እህታችን ረይሃና ከነልጇ ሰላም ብላሃለች። አክስታችን ናኢማ ከአዲሱ ቡና ቋጥራልሃለች። እማዬ ደግሞ ልጽፍልህ ስቀመጥ፣ «ዓሣው ደህና ነው በዪው፤ በሰው አገር ልቡ እንዳይሰበር» ብላኛለች። ስትደውል ስለ ዓሣው አትጠይቃት፤ መዋሸት አታውቅበትም። በደወልክ ቁጥር ስትጠይቃት ኖረህ አሁን ካልጠየቅካት ደግሞ መሞቱን እንደነገርኩህ ወዲያው ይገባታል።

እህትህ ፈድሊያ
ጅማ፣ ጊንጆ
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.