ቬቶ የእኛ ቤት ውሻ ነው

እትዬ፣ እንደምን አደርሽ? ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለአለቃሽ ነው፤ ግን እንደ ልማዳችን መጀመሪያ አንቺ እዪልኝ። ነጠላ ሰረዝ የጎደለበት ካለ አርሚ። ነገር የበዛበት ካለ ግን አትንኪብኝ፤ ለዛሬ ብቻ ተዪኝ።

ለዓለም አቀፍ ደኅንነትና የመንግሥታት ኃይል ጥናት ተቋም
ክቡር ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ ብዕርዎም በሰው ቀለም ቢሆን እንኳ የማይነጥፍ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በተቋምዎ ተመራማሪ የነበረችውና በሳንባ ሕመም በድንገት የተለየችን ልጅ ታናሽ ወንድም ነኝ። ገና ተማሪ ስለሆንኩ የአጻጻፍ ጉድለት ቢያገኙብኝ በትልቅነትዎ ይለፉኝ። ወላጆቻችን ካለፉ ወዲህ ያሳደገችኝም ያስተማረችኝም እሷ ናትና፣ ጥሩ ሆኖ ያገኙት ዓረፍተ ነገር ካለ ደግሞ እንደተለመደው ለራስዎ ሊወስዱት ይችላሉ።

ደብዳቤውን ያስጻፈኝ፣ ትናንሽ መንግሥታት በኃያላን መካከል እንዴት ውለው እንደሚያድሩ የሚያትተውና በተቋምዎ መጽሔት አዲስ እትም ላይ በክቡርነትዎ ስም የወጣው ጥናት ነው። እህቴ ዓመታት የለፋችበት ይህ ሥራ ከግርጌው «መረጃ በማሰባሰብ ለረዱን ሟች ባልደረባችን» የሚል ምስጋና አለው፤ ስም ግን የለውም። ስለዚህ አቤቱታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1. በመጀመሪያ ስለ ደንብዎ ላመስግን። ከቀብሩ ወዲህ እኔ ጋ የሰነበተችው አክስቴ ጥናቱ በስምዎ ሊወጣ መሆኑን ሰምታ ቢሮዎ ድረስ መጥታ በጠየቀችዎ ጊዜ፣ ደራሲ ማለት ገምጋሚዎች ጥያቄ ሲያነሱ መልስ መስጠት የሚችል ሰው እንደሆነ፣ ሟች ደግሞ መልስ መስጠት ስለማይችል የተቋሙ አሠራር ይህን እንደሚያስገድድ በትዕግሥት አስረድተዋታል። አክስቴ ግን ቤት ስትገባ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «እንዲህ ከሆነማ የላይብረሪያቸው መደርደሪያ ባዶውን ሊቀር ነው በለኛ! ግማሹን የጻፉት የሞቱ ሰዎች አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄዋን ክቡርነትዎ እንዲገመግሙት አስተላልፌያለሁ።

2. ጥያቄው በርግጥም መጣ። ገምጋሚዎች ማብራሪያ በጠየቁ ዕለት ግን የተደወለው ወደ እኛ ቤት ነው። ጸሐፊዎ በሚያባብል ድምፅ፣ «የኔ ልጅ፣ እህትህ የደካማ መንግሥት ትልቁ መሣሪያ መልስ ማዘግየት ነው ስትል ምን ለማለት ፈልጋ ነበር? ጋሼ አስቸኳይ ነው ብለዋል» አሉኝ። መልስ መስጠት የሚችለው ደራሲ መልሱን የሚጠይቀው ተማሪ ማግኘቱ ደስ ብሎኝ፣ «ጉዳዩን እያጤንነው ነው፤ በተገቢው ጊዜ እናሳውቃለን» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እሳቸው ደጋግመው ደወሉ፤ እኔም ደጋግሜ አጤንኩ። አንቀጹ ሳይብራራ ታትሞ ባየሁት ጊዜ የእህቴ ሐሳብ ምን ያህል ትክክል እንደነበረ ገባኝ።

3. ሦስተኛው ስለ ውሻው ነው፤ ይህ ትንሽ ይረዝማል።

እህቴ ከባዱን ነገር የምታስረዳኝ ከቤታችን ምሳሌ እየቆረሰች ነበር። ሌባ ፈርተን ውሻ አሳደግን። ጎረቤታችን ጡረተኛው መቶ አለቃ ውሻውን ፈርተው አጥራቸውን ከፍ አደረጉ። አጥሩ ከፍ ሲል «ምን ሊደብቁ ይሆን?» ብለን እኛ ትልቅ መብራት ተከልን። መብራቱ እንቅልፍ ቢነሳቸው እሳቸው ከእኛው የባሰ ውሻ ገዙ። «አየህ» ትለኝ ነበር፣ «ማንም ክፉ አላሰበም፤ ግን ሁላችንም እንቅልፍ አጣን። አገሮች መሣሪያ የሚያከማቹት እንዲሁ ነው።» ውሻውን ቬቶ ብላ የሰየመችውም እሷ ናት፤ ግባ ሲሉት እምቢ፣ ውጣ ሲሉት እምቢ፣ ገላህን እንጠብህ ሲሉትማ ጭራሽ እምቢ ስለሚል።

እንግዲህ ይህ ታሪክ በጥናትዎ ውስጥ «ከራሴ የሕይወት ገጠመኝ ለመጥቀስ፣ ቬቶ የተባለውን ውሻዬን ባሳደግሁ ጊዜ» ብሎ ሲጀምር ባነበብኩ ጊዜ፣ ቬቶን ጠርቼ ፎቶግራፍዎን አሳየሁት። አያውቅዎትም። ጸሐፊዎም በአንዱ ስልካቸው መሐል ክቡርነትዎ ስድስተኛ ፎቅ ላይ እንደሚኖሩና ቡችላ እንኳ ሲያዩ መንገድ እንደሚሻገሩ አጫውተውኛል። የእህቴን ስም ከጥናቱ እንደ ጠጠር ከምስር ለቅመው ካወጡ በኋላ ውሻዋን መርሳትዎ አስደንቆኛል። በዚህ አያያዝ ተቋምዎ ከሞተ ሰው ይልቅ በሕይወት ላለ ውሻ ክብር እንደሚሰጥ ተረድተን፣ ቬቶ በግሉ ኮርቷል።

4. ለቀብሯ የላኩት የአበባ ጉንጉን ላይ ሙሉ ስሟ በትልልቅ ፊደላት ተጽፎ ስለነበር አመሰግናለሁ። እዚያኛው ላይ አልተሻሟትም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው እትም ጥናቱ የእሷ እንደሆነ ስሟ ተጠርቶ ይታረም። እውነቱን ለመናገር፣ ከጥናቱ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ግማሽ ግን የገባኝ በእሷ ድምፅ ነው፤ ሳነበው ትስቃለች፣ ትቆጣለች፣ «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» ትለኛለች። ያንን ድምፅ ክቡርነትዎ ከየት ሊያመጡት ነው?

ረጅም ዕድሜ፣ በተለይም ለገምጋሚዎች መልስ ለመስጠት የሚበቃ ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በፍጹም ትሕትና እጅ እነሣለሁ።

የደራሲዋ ታናሽ ወንድም
(ስለ ራሱና ስለ ቬቶ)

ግልባጭ፦
ለተቋሙ ቦርድ
ለገምጋሚዎች
ለጎረቤታችን ለመቶ አለቃ፣ በአጥሩ በኩል

ድኅረ ጽሑፍ፦ መጽሔቱን ለትምህርት ቤታችን ላይብረሪ በነፃ ስለላኩ ምስጋናዬ ይድረስዎ። አክስቴ ወደ ቤቷ በተመለሰች ማግስት፣ ብቻዬን በነቃሁበት የመጀመሪያ ጠዋት፣ ዩኒፎርሜን ራሴ ተኮስኩ፤ ኮሌታውን አቃጠልኩት፤ እንደተቃጠለ ለበስኩት። ከዚያ ደወል ሳይደወል ላይብረሪ ገብቼ ገጹን ገለጥኩና በስምዎ ላይ መስመር መሳብ ጀመርኩ። የላይብረሪው ኃላፊ፣ መጽሐፍ ላይ ነጥብ ያሳረፈ ተማሪን ወላጅ ካላመጣህ የሚሉት ሴትዮ፣ ለካስ ከኋላዬ ቆመዋል። ገጹን አዩ፣ ኮሌታዬን አዩ። «በባዶ እጅ ከሳብከው ይጣመምብሃል» አሉኝና ከመሳቢያቸው ማስመሪያ አምጥተው ገጹ ላይ ያዙልኝ። መስመሩን ስቤ፣ ከበላዩ የእህቴን ስም ከነአባቷ ጽፌ እስክጨርስ ድረስ አለቀቁትም።