ያልሄድኩባቸው ቀጠሮዎች

ጀሞ ሁለት፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለማርቲ፣

እንደ ወጉ «ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ደህና ነኝ እያልኩ የዋሸሁሽ ይበቃል። ጎረቤታችን ሊሊ ዓርብ ልብስ ልትሸምት ኢስታንቡል ስለምትመጣ ይህን በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። በስልክ ብነግርሽ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ደግሞ ላባብልሽ ብዬ እንደገና እዋሻለሁ።

ባለፈው ወር ሽንኩርት ስከትፍ ቀኝ ዓይኔን አቃጠለኝና በክንዴ ሸፈንኩት። በግራዬ ብቻ አባትሽን ባየው ፊቱ ጭጋግ ለብሷል። «ምትኩ፣ ጢምህን ተላጨህ እንዴ?» አልኩት። «ኧረ አፀደ! ከተላጨሁ ሳምንቴ ነው!» አለኝ። 

በማግስቱ ዶክተር ፍሮምሳ ዘንድ ሄድኩ። ያን የጠርሙስ ቂጥ የመሰለ መነጽሬን አስጥለው፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የተፈጥሮ ሌንሴን ሳይነኩ በሁለቱም ዓይኖቼ ውስጥ ተጨማሪ ሌንስ የተከሉልኝ እሳቸው ናቸው። የግራው ሌንስ ከተፈጥሮ ሌንሴ ጋር በጣም ተጠጋግቶ የዓይን ሞራ አስጀምሮታል። ካርዴን ገለጡና «ወይዘሮ አፀደ፣ በየዓመቱ ይምጡ ብዬ አልነበረም? አምስት ዓመት የት ጠፉ?» አሉኝ።

ላንቺ በየጥቅምቱ «ሄጄ ታየሁ፣ ሁሉም ደህና ነው» እልሽ አልነበር? ውሸቴን ነው ልጄ። ጠዋት ጠዋት አራተኛ ፎቅ በረንዳችን ላይ ቆሜ የታክሲዎቹን ታርጋ አነባለሁ፤ ቁጥሩን ከለየሁ «ዓይኔ እሳት ነው!» ብዬ ወደምሠራበት የልብስ ፋብሪካ። ሁለቱንም ዓይን ከፍቼ እኮ ነው! ቀኙ የግራውን ድካም ሲሸፍንለት አላወቅኩም። የዓይን ግፊቱና ኮርኒያ በሚሉት የዓይን ፊተኛ መስታወት ላይ ያሉት ሴሎች ደግሞ ጭራሽ በማሽን እንጂ በታርጋ አይለኩም። የሰው ስፌት በየቁልፉ የምመረምር ሴትዮ የራሴን ዓይን ሳላስመረምር ቀረሁ። ሞኝነቴ ያናድደኛል።

ቀኙ ደህና ነው፣ ግፊቱም ደህና ነው፣ ተመስገን። የግራው ሌንስ የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 ጠዋት ይወጣል፤ ሞራውም አብሮ ተወግዶ ሌላ ሌንስ ይተካል። ዶክተሩ «የተለመደ ሥራ ነው፤ ዋስትና ግን አልሰጥም» ብለዋል። አባትሽ እስከ ገና እንቆይ ቢል «አንተ ቆይ፣ እኔ እሄዳለሁ» አልኩት። ቁርጥ ነው።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። «እማዬ ዘጠኝ ዓመት ምንም አልሆነችም፤ እኔም መነጽሬን ጥዬ አስተክላለሁ» ብለሽ ቀጠሮ መያዝሽን ስሰማ ይህን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። በእኔ ውሸት ተማምነሽ ዓይንሽን ልትሰጪ! አታድርጊው አላልኩም። ካስተከልኩ በኋላ ከትምህርት ቤት በር ስትወጪ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ፊትሽን ለይቼዋለሁ፤ ያንን ቀን በምንም አልለውጠውም። ብዙ ሰውም ያለ ችግር ይዞት ይኖራል ብለውኛል። ግን ሐኪምሽ ዓይንሽን በደንብ ይለካ፤ የሌንሱን መጠን በምን እንደመረጠ አፍጥጠሽ ጠይቂው፤ ከዚያም አጥርተሽ እያየሽም ቢሆን በየዓመቱ ሂጂ። «ከቤተሰብ ያደረገ አለ?» ሲሉሽ «እናቴ ደህና ናት» እንዳትዪ። «ክትትሏን አቋርጣ ሞራ የያዛት እናት አለችኝ» በያቸው። አላፍርም።

በሰው አገር ጥሩ ሰው ይግጠምሽ፤ የጀመርሽውን ትምህርት ያስፈጽምሽ፤ እመቤቴ ከክፉ ትጠብቅሽ።

ማክሰኞ ከሰዓት ዓይኔ ተሸፍኖ እተኛለሁ። ደውዪልኝ። እንዴት ሆነ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ዝም ብለሽ ስለ ትምህርትሽ፣ ስለ አገሩ ምግብ፣ የመጣልሽን ሁሉ አውሪኝ። ድምፅሽን ብቻ ልስማ።

እናትሽ አፀደ