ጉዳዩ፦ ማቆም ያልተማረው ስልኬ

የኢንተርኔቱን ማብሪያና ማጥፊያ ለያዙት፣ ስምዎንም ወንበርዎንም ለማላውቀው ክቡር ባለሥልጣን
ባሉበት

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ማጥፊያውን የሚጫኑባት ጣትዎ ደኅና ናት ወይ? እኛ መካነ ሰላሞች አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። መኖራችንን በሌላ መንገድ ልናሳውቅዎ ስላልቻልን ይህን በወረቀት ጽፌ፣ ያገኘው ሁሉ እንዲያነበው፣ በአቀስታ በኩል ደሴ ለሚሄደው መኪና ሹፌር ሰጥቼዋለሁ።

በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ኮድ መጻፍ እማራለሁ፤ ይኸውም ስልክ ወይም ኮምፒዩተር የሚሠራውን በሚገባው ቋንቋ ማዘዝ ነው። አስተማሪዬ ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚገኝ ትምህርት ሲሆን የጎደለኝን ተማሪዎች ከጣሉት የመጽሐፍ ቅዳጅ እሞላለሁ። የምማረው ለቅሬያችን፣ ለቀብር ማኅበራችን፣ ብዬ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲያርፍ የቅሬው ጠሪ አሕመድኑር ጉብታው ላይ ወጥቶ ይጣራል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ድምፁ ግን ዓረብ አገር ላሉት ልጆቻችን ስለማይደርስ የወላጃቸውን ሞት ከማያውቁት ሰው ፌስቡክ ላይ ያነቡታል። ጥሪውን እነሱ ዘንድ የሚያደርስ ነገር ልሠራ አሰብኩ። እርስዎ ደግሞ ሌላ አሰቡ። ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስልክ አንድን ነገር እንዲደጋግም የሚያዝዘውን ክፍል ጨርሼ፣ እንዲያቆም የሚያዝዘውን በማግስቱ ልማር ስል ኢንተርኔቱን ዘጉት። ቅሬው በበኩሉ የሠራሽውን አሳዪን አለኝ። ለሙከራ የሚሆን ሟች ሲጠፋ የቅሬያችን ዳኛ ጋሼ ዓባይነህ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ በፈቃዳቸው ቀረቡ። ስልኬም የጋሼ ዓባይነህን ማረፍ አስቀድሜ በቀዳሁት በአሕመድኑር ድምፅ ተናገረ፤ ደገመ፤ ሠለሰ፤ እሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው እየሰሙ አላቆም አለ። ሴቶቹ ከሳቅ ብዛት እንባቸውን ሲጠርጉ፣ ጋሼ ዓባይነህ እንደ ሰው አንድ ጊዜ ብሞት ይበቃኛል እያሉ ተማጸኑ። አሕመድኑርም ሰብሌ እኅቴ፣ እኔን ከሥራ ልታስወጪኝ መስሎኝ ነበር፣ ለካ አገሩን ልትጨርሺው ኖሯል አለኝ። ባትሪውን አውጥቼ ገላገልኳቸው። ቅሬውም እስከሚቀጥለው ስብሰባ ማቆም ካስተማርሽው እንቀበላለን፣ አለዚያ ይቅርብን ብሎ ተነሣ። እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ እኔ መድገምን ብቻ አውቃለሁ፣ እርስዎ ማቆምን ብቻ፤ አንድ ወንበር ላይ ብንቀመጥ አንድ ሙሉ ተማሪ ይወጣን ነበር።

፪ኛ. የዘጉት ለደኅንነታችን እንደሆነ ሰምተን አመስግነናል። ሆኖም ሌባ አለፈበት ተብሎ መንገድ አይታረስም። በቅሬያችን ደንብ ጠሪ ከእሱ ጋር ለተኳረፈው ሰው ቤትም ይጣራል፤ ቂም ይዞ ዝም ያለ ጠሪ ሽማግሌ ፊት ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል። እርስዎ ከማን ጋር እንደተኳረፉ ባላውቅም፣ እኛ ሁላችንም አብረን ተኮርፈናል።

፫ኛ. ኢንተርኔቱ በተዘጋበት ሰሞን የጎረቤቴ የኸዲጃ ባል አህመዲን ታሞ አረፈ። ልጃቸው ሀጀራ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ የራሷ መስመር ስለሌላት የምታገኘን በአሠሪዎቿ ኢንተርኔት ብቻ ነው። ሰደቃው ከወጣ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ምናልባት ጣትዎ አዳልጧት ይሆናል፣ ለጥቂት ጊዜ ከፈቱልን። የኸዲጃ ስልክ የልጅቱን የድምፅ መልእክቶች አከታትሎ አወረደ፤ አባ ተሻለህ ወይ፣ አባ ዛሬስ እህል ቀመስክ ወይ፣ አባ ምን አድርጌህ ነው ዝም ያልከኝ። እኔ የማቆሚያውን ትምህርት ለማውረድ ስልኬን አንሥቼ ነበር፤ ኸዲጃ ግን ደውለሽ ንገሪልኝ ብላ ስልኳን እጄ ላይ አኖረችው። የራሴን አስቀምጬ ደወልኩ። ሀጀራ እየሳቀች አነሣችው። እኔም ሀጀራ ልጄ፣ አባትሽ ስል፣ እርስዎ ዘጉት።

ቀጥሎ ያለውን ቃል ትስማው አትስማው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስለዚህ ትምህርቴን እንዲከፍቱልኝ አልለምንዎትም፤ የቅሬው ስብሰባም ከደረሰ ይድረስ፤ ስልኬም ደንቆሮ እንደሆነ ይቅር። የጀመርኩትን አንድ ዓረፍተ ነገር የምጨርስበት ጊዜ ብቻ ይፍቀዱልኝ።

ሳትጠይቅዎ ለጠበቋት፣ ሳያውቋት ላስተማሯት ዝምታ ባለውለታዎ የሆነች፣ እጅ ነሥታ የምትሰናበትዎ፣
ሰብሌ ይሄነው፣ ልብስ ሰፊ፣ ከመካነ ሰላም

ማሳሰቢያ፦ ቅሬያችን ተነጋግሮ እርስዎንም አባል አድርጎ ተቀብሎዎታል። ቀንዎ፣ ያርቀውና፣ ሲደርስ አሕመድኑር ጉብታው ላይ ወጥቶ ስምዎን ከነማዕረግዎ ይጣራል፤ ዓረፍተ ነገሩንም እስከ መጨረሻው ይጨርስልዎታል።