ለዙለይኻ ሰርግ የተዋጣው ስኳር

አሰበ ተፈሪ፣ የካቲት 1977 ዓ.ም.

ሂርና ላለኸው ወንድሜ ለሙሉዓለም፣

ብርዱ እንዴት አድርጎሃል? አዲሱ የማኅበር ሹመትህስ ተመቸህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእማዬም ጉልበት ተሽሏታል።

ጎረቤታችንን ጋሽ በክሪን «ስኳር ደብቀዋል» ብለው ቀበሌ አሰሯቸው። ንዴቴን ለማን ልንገር! ያ ስኳር ለልጃቸው ለዙለይኻ ሰርግ ሰፈሩ ሁሉ ከራሽኑ ያዋጣው አይደል? የእኛንም ጨምረህ ኬሻውን ተሸክመህ ያስገባኸው አንተ ነህ። አሁን ያዋጣው ሁሉ አፉን ዘግቷል። እኔ ሄጄ ብናገር «ሁለት ምስክር ተሰምቷል፤ ሂጂ!» ብለው አባረሩኝ። አንዱ የቀበሌው ዘበኛ ነው። ሌላው ከሂርና መጣ አሉኝ እንጂ ስሙን የሚነግረኝ ጠፋ።

ጫት የምትሸጠው ፋጤ ሐሙስ ዕለት አንተን እዚህ አውቶቡስ ተራ እንዳየችህ ነገረችን። እማዬ «ልጄ እኔን ሳይስም አይመለስም!» ብላ ተቆጣቻት። እሑድ ቄሱ «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ሲያስተምሩም «ሙሉዬ ይህን ገና በልጅነቱ በቃሉ ይዞታል» እያለች ስትኮራ ዋለች።

ትናንት የጋሽ በክሪ ሚስት ኩብራ መጣች። «ኬሻውን የተሸከመው እሱ ነው። መጥቶ እውነቱን ይናገርልን፤ ወላሂ፣ ከእሱ ሌላ ተስፋ የለንም። አድራሻውን ስጪኝ» አለችኝ። አላውቀውም ብዬ ዋሸኋት።

እማዬ ጉንጭህን ትስምሃለች። ኩብራም ስትወጣ «ወንድምሽን አላህ ይጠብቅልሽ» ብላለች፤ ምርቃቷን ሳልቀንስ አድርሼልሃለሁ።

እህትህ ደስታነሽ