ቀይ ክር የታሰረበት ኩባያ

መስከረም 8፣ ጠዋት 1፡00

ክኒኗን ዋጥኩ። ከቁርስ በፊት አንድ። ቁርስ ግን የለም፣ ማን ሊበላ! አፌ ደርቆ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። እንቅልፍ ከተኛሁ ሰነበትኩ። ቀሚሴ የሚቆመው በመርፌ ቁልፍ ነው። ባሌ ታደሰ ደስ ብሎታል። አዲስ አበባ ለስልጠና ሄዶ ቀጫጭን ሴት ሲያይ ከረመና ወፈርሽብኝ አለ። እዚያው ሐኪም ዘንድ ወስዶ ይህን ምግብ የሚያስጠላ ክኒን ያሳዘዘልኝ እሱ ነው። ለማንም እንዳትተነፍሺ ብሎ አስምሎኛል። ወላይታ ውስጥ ሚስቱን ያከሳ ወንድ ማብላት ያቃተው እንደሚባል ያውቃላ!

መስከረም 11፣ ቢሮ

 አንድ ደብዳቤ እየተሳሳትኩ ሦስት ጊዜ ታይፕ አደረግኩ። ከግምገማ ስንወጣ የመዝገብ ቤቷ አልማዝ ጥግ ይዛኝ ተመርመሪ አለችኝ። ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም፣ መድኃኒቱ መጥቷል አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ገባኝ። በዚህ ከተማ ሰው በአንድ ወር እንዲህ ከከሳ ኤች አይ ቪ ነው፣ ሌላ ነገር የለም። ምን ልበላት? ምያለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። እሷም እሺ ያልኳት መሰላት።

መስከረም 14፣ ሆስፒታል

ጠዋት ጉንፋን ይዞኝ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ፋርማሲስቱ ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ ሲለኝ የለም አልኩ። መሐላዬ ነዋ! የጉንፋኑን በዚያኛው ላይ ደርቤ ዋጥኩ። ረፋድ ላይ ልቤ ከደረቴ ካልወጣሁ አለች፣ ዓይኔ ጨለመ። የነቃሁት አልጋ ላይ ነው። ሐኪሙ ምን ትወስዳለች ብሎ ታደሰን ጠየቀው። ምንም አለ። እኔ እያየሁት! ወጣ ሲል ራሴ ተናገርኩ። ሐኪሙ ተቆጣ። ሁለቱም ልብ የሚያስሮጡ፣ ግፊት የሚጨምሩ ናቸው፣ አንድ ላይ ይገድሉሽ ነበር አለ። ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ።

መስከረም 17፣ በዴሳ፣ አማቴ ቤት

ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ። በሬው ታርዷል። ቁርጡ፣ የሚያቃጥለው ማባያ ዳጣው፣ ቅቤ የጠጣው የእንሰት ሙቿ። ዓመት የተጠበቀ። ሁለት ጉርሻ በላሁ፣ ሆዴ ገና እንቢ አለ። አማቴ አዩኝ። ውሃ ሲቀርብ የኔ ኩባያ ብቻ ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ከሌላው እንዳይቀላቀል። በሽታው ይጋባበታል ብለው ለልጃቸው ፈርተው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ታደሰ ክሩን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ሥጋውን ዳጣ አስነክቶ ጎረሰ።

መስከረም 18፣ ሶዶ

ቤት ገብተን ጮህኩበት። ያልሰደብኩት ስድብ የለም። ተረጋጊ አለኝ። የሚያናድድሽ ክኒኑ ነው፣ ከክኒኑ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል አለ። ድምፁ እንዴት ለስላሳ ነው!

መስከረም 21፣ ከሥራ መልስ

ማስታወሻዬ፣ የእንግሊዝኛውን ወረቀት መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት። እውነቱን ነው። አፍ መድረቅ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የልብ ምት መጨመር፣ ቁጣ ይላል። ካቆምኩ ሰባት ቀኔ። አፌ ረጠበ። እንቅልፌ ተመለሰ። ልቤ ሰከነች። ዛሬ ምሳዬን ሙልጭ አድርጌ በላሁ። ቁጣው ግን ንቅንቅ አላለም። እሱ የራሴ ነው ማለት ነው።

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ በዴሳ እሄዳለሁ። የክኒኑ ፓኮ፣ ማዘዣው፣ ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። መሐላውንማ ልሞት ስል ሆስፒታል ውስጥ ምንም ሲል እሱ ራሱ አፍርሶታል። አሁን ቦርሳዬን አይቶ ወዴት ነው አለኝ። እናትህ ዘንድ፣ ክሩን ላስፈታ አልኩት።